ጓደኛዬ ባይፖላር (ስሜትን ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ የአእምሮ ሕመም) እንዳለባት ስትነግረኝ ደንግጬ ዝም አልኩ፤ አሁን ምን ልበላት? (መልስ)

ዛሬውኑ ደውይላት። «ያን ቀን ዝም ያልኩት የምለው ጠፍቶኝ ነው። አምነሽ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። አሁን እንዴት ነሽ?» በያት። ከዚያ አዳምጫት።

«አይዞሽ፣ ያልፋል» ብለሽ ወሬ አትቀይሪ። «አንቺ እኮ ምንም የለብሽም» ማለት ደግሞ ይብሳል፤ ለመናገር ምን ያህል እንደከበዳት አስቢ። ይልቅ ሕመሙ ሊነሳባት ሲል ምን ምልክት እንደሚታይባት ጠይቂያት። ብዙዎች ላይ እንቅልፍ መቀነስ ይቀድማል። ያኔ ለማን እንድትደውይላት እንደምትፈልግም ትንገርሽ። ራሷን ስለማጥፋት ካወራች ግን ብቻዋን አትተያት፤ ያኑ ቀን ሐኪም ጋ ውሰጃት።

ቀጠሮ ሲኖራት፣ አማኑኤልም ይሁን ሌላ ሆስፒታል፣ አብረሻት ሂጂ። ወረፋው ለብቻ ይከብዳል።

አንድ ነገር አደራ። ጠበል ልሂድ ካለች ደግፊያት፤ «መድኃኒቱን ተይው» ግን እንዳትያት። አንዲት የቅርብ ዘመዴ በደግ ልብ እንዲህ ተመክራ ሊቲየም የተባለውን የባይፖላር መድኃኒቷን በድንገት አቋረጠች። ሕመሙ ብሶ ተመለሰባት። ጠበሉን እየተጠመቁ መድኃኒቱን መውሰድ ይቻላል። መድኃኒቱ ካልተስማማት ከሐኪሟ ጋር ትነጋገር፣ እሱ መጠኑን ያስተካክልላታል ወይም ይቀይርላታል።