ዋና ለማይችል ሰው በኤይላት የትኛው ይሻላል?

እህቴ፣ ዋና ሳትችዪ በእስራኤል የቀይ ባሕር ዳር ከተማ ኤይላት ላይ ሙዝ ጀልባውን (በሞተር ጀልባ የሚጎተተውን፣ በአየር የተነፋውን ሙዝ መሰል መንሳፈፊያ) ትሞክሪ ወይስ በጀልባ የሚጎተተውን ፓራሹት ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ፓራሹቱን እመርጥልሻለሁ። ሙዝ ጀልባው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ነጂው ሲጠመዝዝ ግን ብዙ ጊዜ ተሳፋሪው ባሕር ውስጥ ይወድቃል፤ የቀይ ባሕር ጨው ደግሞ ዓይን ያቃጥላል። በፓራሹቱ ቀስ ብለሽ ወደ ላይ ትነሺያለሽ፤ የሞተሩ ድምፅ እየራቀ ይሄዳል፣ ማዶ የዮርዳኖስ ከተማ አቃባ ከተራራው ሥር ትታያለች። እኔ እዚያ ላይ ሆኜ እንባዬ መጣ።

የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ማሰሪያ ራስሽ ጎትተሽ ፈትሺ፤ ትከሻው ወደ ጆሮሽ ከፍ ካለ ሰፍቶሻልና ሌላ ጠይቂ።

ቆመው የሚቀዝፉበትን ሰሌዳ ግን ተዪው። እዚያ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን፣ ከየብስ ወደ ባሕር ስለሚነፍስ ሳታውቂው ከዳር ያርቅሻል።