ስለ መኪና ቀበቶ ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛዬ «የኔ ዓይነት መኪና በቀበቶው ምክንያት በአምራቹ ተጠርቷል አሉ» ብሎ ደንግጦ ጋራዥ መጣ። እሱን ሳስረዳ የሰማ ሁሉ መጠየቅ ጀመረ። ጅማ ውስጥ መኪና ስፈታና ስገጥም ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ የምችለውን እመልሳለሁ።

ጋሼ፣ ተጠራ ማለት መኪናውን ይወስዱታል ማለት ነው?

አይወስዱትም። አደጋ የሚያመጣ የአሠራር ጉድለት ሲገኝ ፋብሪካው ባለንብረቶቹን ጠርቶ በራሱ ወጪ ያስተካክላል።

ለቀበቶ ተብሎ መኪና ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም።

በሚሊዮን ተጠርቷል እንጂ! እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ ታካታ የተባለው የጃፓን ድርጅት የሠራው ቀበቶ ያለባቸው ከ8 ሚሊዮን በላይ መኪኖች ተጠርተዋል። መቆለፊያውን ለመክፈት በጣት የምንጫነው ፕላስቲክ ፀሐይ እየመታው ይደርቅና ይሰባበራል፤ ስባሪው ወደ ውስጥ ይወድቃል። ቆለፍኩ ያሉት ሳይቆለፍ ይቀራል ማለት ነው። ይኸው ድርጅት ኋላ በኤርባግ ጣጣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከስሯል።

የቶዮታ ራቭ ፎር አለኝ። ያሰጋኛል?

እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2014 ከተሠሩት ከሆነ አጣራ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2016 በዓለም ዙሪያ ከ2.8 ሚሊዮን በላይ መኪኖችን የጠራው በኋላ ወንበር ቀበቶ ምክንያት ነው። ከፊት ለፊት ከባድ ግጭት ሲደርስ የመቀመጫው የብረት ፍሬም ቀበቶውን ሊቆርጠው ይችላል። መፍትሔው ብረቱን በፕላስቲክ መሸፈን ብቻ ነበር። ልጆቻችንን የምናስቀምጠው ከኋላ መሆኑን አስቡት።

የማጣራው እንዴት ነው? ደብዳቤ አልደረሰኝም።

አይደርስህም። ደብዳቤው የሚላከው መኪናው መጀመሪያ በተሸጠበት አገር በባለቤትነት ወደተመዘገበው ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ መኪናውን ከሸጠው ቆይቷል። ሊብሬህን አውጣና የሻንሲ ቁጥሩን ተመልከት። አሥራ ሰባት ፊደልና ቁጥር ከሆነ በአምራቹ ድረ ገጽ መፈለጊያ ላይ አስገባው። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ከሆነ ግን ቁጥሩ አጠር ያለና መሐሉ ላይ ሰረዝ ያለበት ነው፤ የአሜሪካው መፈለጊያ አይቀበለውም፤ የአምራቹን የጃፓን ገጽ መጠቀም አለብህ። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ «የኔ የለበትም» ብሎ ይተወዋል። ቁጥሩ ተጠርቶ ከተገኘ 350 ኪሎ ሜትር ነድተህ አዲስ አበባ ከመሄድህ በፊት የአምራቹ ወኪል ጋር ደውልና መኪናህን ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቅ።

ሰኮሩን አልፈን ወደ ጊቤ ስንወርድ ቁልቁለቱ ላይ ቆመን ነበር። ቀበቶው አልሳብ አለኝ። ተበላሽቷል?

ይህን በዓመት አሥር ጊዜ እጠየቃለሁ። አልተበላሸም፤ ሥራውን እየሠራ ነው። በብዙ መኪኖች የቀበቶ መጠቅለያ ውስጥ ትንሽ የብረት ኳስ አለች። መኪናው ሲያዘቀዝቅ ወይም ፍሬን ድንገት ሲያዝ ኳሷ ከቦታዋ ትንከባለልና መቆለፊያውን ታስነሳለች። ስለዚህ ቀበቶ የሚፈተሸው ደልዳላ ቦታ ላይ ነው። መጀመሪያ ቀስ ብለህ ሳበው፤ ያለ ችግር መምጣት አለበት። ከዚያ መንጭቀው፤ ቀጥ ብሎ መያዝ አለበት። መንጭቀኸው ዝም ብሎ ከተከተለህ ነው መደንገጥ። ስትለቀው እየተጎተተ የሚመለስ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ቆሻሻ ነው፤ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና እጠበው። በረኪና እንዳታስነካው፤ ክሩን ይበላዋል።

ከተጋጨ መኪና የተፈታ ቀበቶ በርካሽ አገኘሁ። ልግጠመው?

አትግጠመው። በግጭት አንዴ የተወጠረ ቀበቶ ሁለተኛ አይታመንም። በግጭት ጊዜ ቀበቶውን በባሩድ ኃይል የሚወጥረው ዕቃም አንድ ጊዜ ከተኮሰ በኋላ ባዶ ነው። እኔ ለማንም አልገጥምም፤ ለዚህም ደንበኛ አጥቻለሁ።

«ቀበቶ እሰር» የሚለውን ጩኸት ዝም የሚያሰኘው፣ መቆለፊያው ውስጥ የሚሰካ ቀበቶ የሌለው ባዶ ምላስ ይሸጣል፤ ምን ትላለህ?

ምላሱን ለገዛ ሰው ቀበቶ አልጠግንም።

የመጀመሪያው ደንበኛህ መጨረሻው ምን ሆነ?

የእሱ ቀበቶ አልቆለፍ ብሎት ነበር የመጣው። የሻንሲ ቁጥሩን አስገባን፤ ምንም ጥሪ የለበትም። መቆለፊያውን ፈትቼ ባትሪ ሳበራበት ውስጡ አንዲት የደረቀች የቡና ፍሬ ተሰንቅራለች። ለካ ከአጋሮ ጆንያ ሲጭን ከኋላ ወንበር ላይ ነበር። በወስፌ አውጥቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።