መብራቱን ጠንቅቃ ያወቀች ተዋናይት

የተወደዳችሁ ወጣት ተዋንያን፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ በመድረክ መብራት ሥራ ላይ የቆየሁ ሰው ነኝ። ወደ ሙያው የምትገቡ ልጆች ምክር ስትጠይቁኝ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣላችሁ ሞድ አዳምስ የተባለችውን አሜሪካዊት የመድረክ ተዋናይት ነው። በዘመኗ እጅግ ከፍተኛ ክፍያ ከሚያገኙ ተዋንያን አንዷ ነበረች፤ እኔ ግን የማከብራት የዝነኝነት ዘመኗ ካለፈ በኋላ በሠራችው ነው።

የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1872 በዩታ ግዛት፣ ሶልት ሌክ ሲቲ ውስጥ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። እናቷ ተዋናይት ስለነበረች ጡት ሳትጥል መድረክ ላይ ወጣች፤ በአምስት ዓመቷም ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የልጅ ሚና ትጫወት ነበር። ካደገች በኋላ ቻርልስ ፍሮማን የተባለው የቴአትር ሥራ አስኪያጅ በኩባንያው ውስጥ አስገባት፤ ከ1892 ጀምሮም የወቅቱ ዝነኛ ተዋናይ ከነበረው ከጆን ድሩ ጋር አጣምሮ አሠራት። ስኮትላንዳዊው ጸሐፊ ጄምስ ባሪ ኒው ዮርክ ውስጥ ስትጫወት አይቷት ከወደዳት በኋላ፣ በ1897 የእሱ «ትንሹ ሰባኪ» የተሰኘ ተውኔት በእሷ መሪ ተዋናይነት ታየ። ከዚያ ወዲያ ስሟን የማያውቅ የቴአትር ተመልካች አልነበረም ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስለ «ፒተር ፓን» ላጫውታችሁ። ተውኔቱ ኒው ዮርክ በሚገኘው ኤምፓየር ቴአትር በኖቬምበር 6 ቀን 1905 ሲከፈት፣ ሞድ አዳምስ 33 ዓመት ሊሞላት አምስት ቀን ቀርቷት ነበር፤ የምትጫወተው ግን ማደግን እምቢ ያለውን ልጅ ነበር። በተውኔቱ ውስጥ ቲንከር ቤል የምትባል ክንፍ ያላት ጥቃቅን ፍጡር አለች፤ እሷን ወክሎ መድረክ ላይ የሚቆም ተዋናይ ግን የለም። ግድግዳው ላይ የምትሯሯጥ የብርሃን ነጥብና የደወል ድምፅ ብቻ ናት። ቲንከር ቤል መርዝ ጠጥታ ብርሃኗ እየደከመ ሲሄድ፣ ፒተር ወደ ተመልካቹ ዞሮ «በእንዲህ ያሉ ፍጡራን የምታምኑ አጨብጭቡ» ብሎ ይለምናል፤ ጭብጨባው ሲያይል ብርሃኑም ቀስ በቀስ ይመለሳል። ልብ በሉ፤ በዚያች ቅጽበት ተዋናዩና መብራቱን የያዘው ሰው ትንፋሻቸው አንድ ካልሆነ ትዕይንቱ ይበላሻል። ብርሃኑ ከጭብጨባው ቀድሞ ከደመቀ ልመናው ከንቱ ይሆናል፤ ከዘገየም ሕፃናቱ ተስፋ ይቆርጣሉ። ሞድ አዳምስ ይህን ሚና በዓመታት ውስጥ ከ1,500 ጊዜ በላይ ተጫውታዋለች። ብርሃንን እንደ ባልደረባ ማየት የለመደችው እዚያ ይመስለኛል፤ ይህ የእኔ ግምት ነው።

ሥራዋ በአዳራሽ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በጁን 1909 በሃርቫርድ ስታዲየም፣ ገላጣ ሜዳ ላይ፣ ብዙ መቶ አጃቢዎች በተሳተፉበት ትርኢት ፈረንሳያዊቷን ጀግና ዣን ዳርክን ሆና ተጫውታለች፤ ያን ያህል ድካም የጠየቀው ዝግጅት የታየው ለአንድ ምሽት ብቻ ነው።

በሜይ 1915 ፍሮማን ሉሲታኒያ በተባለችው መርከብ ሲጓዝ፣ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ አጥቅታ አሰጠመቻትና ሕይወቱ አለፈ። ሞድ አዳምስም በ1918 በኢንፍሉዌንዛ ክፉኛ ታመመችና ከመድረክ ወረደች። ብዙ ሰው በዚህ ዕድሜና በዚህ ዝና ያከማቸውን እየበላ ይቀመጥ ነበር። እሷ ግን በ1920ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዮርክ ግዛት ስኬነክታዲ ከተማ ወደሚገኘው የጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ ሄዳ፣ ከመሐንዲሶች ጋር በኃይለኛ አምፖሎች ላይ ትሠራ ጀመር። በዚያ ዘመን የቀለም ፊልም ብዙ ብርሃን ይፈልግ ስለነበር፣ ጥያቄው ያንን ብርሃን በአምፖል እንዴት ማግኘት ይቻላል የሚል ነበር። አንዲት ዕውቅ ተዋናይት ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ሲቃረብ እንደ ተማሪ ከባለሙያዎች አጠገብ መቆሟን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። በ1931 በሼክስፒር «የቬኒሱ ነጋዴ» ወደ መድረክ ተመለሰች፤ ከ1937 ጀምሮ ደግሞ በሚዙሪ ግዛት በስቲቨንስ ኮሌጅ ቴአትር አስተማረች። ያረፈችው በ1953 ነው።

ይህን የምጽፍላችሁ በወጣትነቴ የደረሰብኝን ስለማልረሳው ነው። አንድ መሪ ተዋናይ በመክፈቻው ምሽት ፊቱ ጨለማ ውስጥ በመቅረቱ ሰው ሁሉ ፊት ጮኸብኝ። መብራቱ የቆመው በልምምድ በተስማማንበት ቦታ ነበር፤ እሱ ግን በዚያ ልምምድ ላይ አልተገኘም። ያን ጊዜ ያዘንኩት ስለ ስድቡ ሳይሆን፣ ወራት የለፋበትን ሚና ከብርሃኑ ያራቀችው ሁለት እርምጃ ስላበላሸችበት ነው።

እናንተ እንዲህ አትሁኑ። የመብራት ልምምድ ባለበት ቀን ንግግር ባይኖራችሁም ኑና በየቦታችሁ ቁሙ። በእኛ ጊዜ ተዋናይ ዓይኑን ጨፍኖ እንኳ የመብራቱን ሙቀት በጉንጩ እየለየ ቦታውን ያገኝ ነበር። የዛሬው ኤልኢዲ ግን ያን ያህል ሙቀት ስለማይሰጥ፣ ብርሃኑ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ከላይ ያለውን ባለሙያ በስሙ ጠርታችሁ መጠየቅ ይኖርባችኋል።