መልስ፦ «ማየር» የሚለው የጀርመን ስም ትርጉሙ ምንድን ነው? ለምንስ አጻጻፉ ይለያያል?

ትርጉሙ የርስት አስተዳዳሪ ነው። ምንጩ የላቲኑ «ማዮር» ነው፤ «ትልቁ፣ የበላዩ» እንደማለት። በመካከለኛው ዘመን የባላባትን ወይም የገዳምን መሬት የሚያስተዳድረው ሰው ማየር ይባል ነበር። የእኛን ምስለኔ አስብ፣ ይቀራረባሉ።

አጻጻፉ የተለያየው ስሙ የተመዘገበው ቋሚ የአጻጻፍ ሕግ ሳይኖር ስለሆነ ነው። በላቲን ፊደል በ«ኢ» (e) ወይም በ«ኤ» (a)፣ በ«ዋይ» (y) ወይም በ«አይ» (i) ይጻፋል፤ Meyer፣ Meier፣ Mayer፣ Maier እንደማለት። በ«ኤ» (a) የሚጻፈው በደቡብ ጀርመን፣ ለምሳሌ በባቫሪያ ይበዛል። ዛሬም በጀርመን በጣም ከተለመዱት ስሞች አንዱ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። የወዳጄን ዘር ስፈልግ አንዱን አጻጻፍ ብቻ ይዤ ወራት ባከኑብኝ፤ ወንድማማቾቹ በተለያየ ፊደል ተመዝግበው ነበር። ቤተሰቡ አይሁዳዊ ከሆነ ደግሞ ስሙ ከዕብራይስጡ «መኢር»፣ «ብርሃን ሰጪ» ከሚለው ሊመጣ ይችላል።