የግቢ ኩሬ ውኃ ሲቀንስ

ቀበና ያለው የግቢህ ኩሬ ውኃው በየቀኑ ስለሚጎድል አፍርሰህ ልታሠራው እንዳሰብክ ጽፈሃል። ቆይ፣ አታፍርስ። መጀመሪያ በባልዲ ለካ።

1. ፓምፑን አጥፋ። ባልዲ ውስጥ ድንጋይ ጨምረህ ኩሬው ውስጥ አስቀምጠው፤ አፉ ከውኃው በላይ ይሁን። ከኩሬው ውኃ እኩል እስኪሆን ሙላው።
2. የባልዲውም የኩሬውም ውኃ የደረሰበትን በማርከር ምልክት አድርግ። ከ24 ሰዓት በኋላ እያቸው።

እኩል ከቀነሱ ፀሐይና ነፋስ ነው የወሰደው፤ በበጋ ያለ ነው። ኩሬው ብሶ ከቀነሰ ያፈሳል። መውረዱን የሚያቆምበትን ቦታ ጠብቅ፤ ስንጥቁን እዚያ ከፍታ ላይ ፈልገው።

ፓምፑ ሲጠፋ ከባልዲው ብሶ የማይጎድል፣ ሲበራ ግን የሚጎድል ከሆነ ኩሬው ጤነኛ ነው። የፓምፑ የውኃ ጎማ ወይም ፏፏቴ ካለህ እሱ ነው ጉደኛው። ከፏፏቴው ድንጋዮች ጀርባ እጅህን ስደድ፤ አፈሩ ከራሰ አገኘኸው። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያ ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፦ ስንጥቁን በሲሚንቶ ከደፈንክ ዓሣዎቹን ወዲያው አትመልስ። አዲስ ሲሚንቶ ኖራ ይለቃል፤ ዓሣ ይፈጃል። ለሳኙ "ነገ ይደርቃል" ሲልህ ስለ ዓሣ አይደለም የሚያወራው። ውኃ ሙላበት፣ ጥቂት ቀን አቆይተህ ድፋው፣ ደጋግመው። የውኃው ፒኤች (pH፣ የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያ) ከ8.5 በታች ሲወርድ መልሳቸው።