ያልተጨረሰ ዜማ የማን ነው?

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ነገር ላይ ያተኮሩ ናቸው፦ በአጭር የተቀጩ ሙዚቀኞች ዕድሜ ቢሰጣቸው ኖሮ ምን ይሠሩ ነበር? እኛ ከመገመት ይልቅ ትተውት የሄዱትን ወረቀትና ካሴት ማየቱን መርጠናል። የውጭዎቹ ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የመዘምራን ቡድናችን የሞዛርትን «ሬኩዊየም» ሊያጠና ነው። ግማሹ የእሱ አይደለም ይባላል። የቱ የማን እንደሆነ በምን እንለያለን? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሞዛርት ዲሴምበር 5 ቀን 1791 ቪየና ውስጥ ሲያርፍ 35 ዓመቱ ነበር። ይህን የሙታን ቅዳሴ ሙዚቃ ያዘዘው ቫልዜግ የሚባል ባላባት ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ለሞተችበት ሚስቱ መታሰቢያ እንዲሆን ስሙን ደብቆ በመልእክተኛ አስላከ። ከዋጋው ከፊሉ አስቀድሞ ተከፍሏል። ሥራው ካልተረከበ ገንዘቡ ሊጠየቅ ስለሚችል፣ የሞዛርት ባለቤት ኮንስታንዜ ሌላ ሰው እንዲጨርሰው ተቻኮለች።

በሞዛርት እጅ ከላይ እስከ ታች ተጽፎ ያለቀው የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ነው። በ«ኪሪዬ» አራቱን ድምፆችና ባሱን ጽፏል፤ ድምፆቹን ተከትለው የሚሄዱትን መሣሪያዎች ሌሎች ሞሉለት። ከ«ዲዬስ ኢሬ» እስከ «ኮንፉታቲስ»፣ ከዚያም «ዶሚኔ ዬሱ» እና «ሆስቲያስ» ላይ የድምፆቹን ዜማ፣ ባሱንና ኮርዱን የሚጠቁሙ ቁጥሮችን፣ አልፎ አልፎም የመጀመሪያውን ቫዮሊን አስቀምጧል። ገጹን ሲያዩት ለመለከትና ለከበሮ የተሰመረው መስመር ባዶውን ነው፤ ድምፆቹና ባሱ ግን ያለ ብዙ ስርዝ ተጽፈዋል። ዋናው ሐሳብ በጭንቅላቱ አልቆ ነበር ማለት ነው።

«ላክሪሞሳ»ን ለብቻው እዩት። ሞዛርት የጻፈው 8 ባር ብቻ ነው። ከ5ኛው ባር ጀምሮ ሶፕራኖዎቹ ከታች ተነስተው ደረጃ በደረጃ ይወጣሉ፤ 8ኛው ላይ ከፍተኛው ላ ሲደርሱ ጽሑፉ ያበቃል። በልምምድ ጊዜ እዚያ ላይ በእርሳስ አንድ መስመር አስምሩ። ከመስመሩ በኋላ ያለው የሌላ ሰው መሆኑን ዘማሪው ካወቀ አዘማመሩም ይለወጣል።

ሥራውን ለመጨረስ በመጀመሪያ የተቀበለው ሙዚቀኛው አይብለር የመሣሪያዎቹን ክፍል ጥሩ አድርጎ ሲሞላ ቆይቶ «ላክሪሞሳ» ላይ ሲደርስ ተወው። የጨረሰው የ25 ዓመቱ ሙዚቀኛ ዚውስማየር ነው። «ሳንክቱስ»፣ «ቤኔዲክቱስ» እና «አኙስ ዴይ» በሞዛርት እጅ የተጻፈ ኖታ የላቸውም፤ መዝጊያው ደግሞ የመክፈቻውና የ«ኪሪዬ» ሙዚቃ ተመልሶ የመጣበት ነው። የዚውስማየር ድክመት በጆሮ የሚለየው «ኦሳና» ላይ ነው። ከ«ሳንክቱስ» በኋላ በሬ ሜጀር ይዘመራል፤ ከ«ቤኔዲክቱስ» በኋላ ሲመለስ ግን በሲ ቤሞል ሜጀር ነው። በዘመኑ ወግ መመለስ የነበረበት በዚያው በመጀመሪያው ቁልፍ ነው።

ሞዛርት ቢኖር ምን ያደርግ ነበር ለሚለው ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ በ1960ዎቹ መባቻ በርሊን ውስጥ የተገኘ አንድ ረቂቅ ወረቀት ነው። «አሜን» በሚለው ቃል ላይ የተጻፈ የ16 ባር ፊዩግ (ድምፆች አንድን ዜማ እየተከታተሉ የሚቀባበሉበት አጻጻፍ) አለበት፤ ዜማው የሥራው መክፈቻ ዜማ ተገልብጦ ነው። «ላክሪሞሳ»ን በሁለት ኮርድ «አሜን» ሳይሆን በረጅም ፊዩግ ሊዘጋው አስቦ እንደነበር እናምናለን። ሮበርት ሌቪን ያዘጋጀው ቅጂ ይህን ፊዩግ አሟልቶ አስገብቷል፤ በዚውስማየር ቅጂ ግን የለም። ስለዚህ ኖታ ስትገዙ ዘማሪዎቹም ኦርኬስትራውም ከአንድ ቅጂ ይሁን። ከተደባለቀ የባር ቁጥሩ ይለያይና ልምምዱ መሃል ላይ ይቆማል።

ሌላው የሚያስቸግረው ባሴት ሆርን የሚባለው፣ ከክላሪኔት ዝቅ ብሎ የሚወርደው መሣሪያ ነው፤ ሁለት ያስፈልጋሉ። ካጣችሁ በክላሪኔት ተኩት፤ ክላሪኔቱ የማይወርድበት ኖታ ካጋጠመ ያንን ብቻ አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጉ። ፍሉትና ኦቦ አትጨምሩበት። ሞዛርት ሆን ብሎ የተዋቸው ድምፁ እንዲጠቁር ነው።

ጥያቄ፦ ሹበርት ስምንተኛውን ሲምፎኒ ሳይጨርስ የቀረው ሞት ቀድሞት ነው? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አይደለም። ሲምፎኒውን የጻፈው በ1822 ነው፤ ያረፈው ኖቬምበር 19 ቀን 1828፣ በ31 ዓመቱ። ሁለት ክፍል ጨርሶ፣ ሦስተኛውን በፒያኖ ረቂቅ አስቀምጦ፣ ጥቂት ገጽ ብቻ ለኦርኬስትራ አዘጋጅቶ ተወው። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሯል። ወረቀቱ በአንድ ወዳጁ እጅ ቆይቶ በ1865 ቪየና ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ።

ሞት በእርግጥ ያቋረጠበት ሌላ ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት በሬ ሜጀር አዲስ ሲምፎኒ መንደፍ ጀምሮ ነበር። ከማረፉ ሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ፣ ኖቬምበር 4 ቀን፣ ዚሞን ዜክተር ከሚባል መምህር ዘንድ የመጀመሪያውን የካውንተርፖይንት (ብዙ ዜማን አንድ ላይ የማስኬድ ጥበብ) ትምህርት ወሰደ። ያን ሁሉ ዜማ የጻፈ ሰው እንደ ጀማሪ ደብተር ይዞ ተማሪ ሆነ። ከዚህ በላይ ወዴት ሊሄድ እንደነበር የሚናገር ነገር አናውቅም።

ጥያቄ፦ የኢዮብ መኮንን ሁለተኛ አልበም ካረፈ በኋላ መውጣቱ ሁሌም ይገርመኛል። የሞተ ሰው ድምፅ ላይ ሙዚቃ መጨመር እንዴት ይቻላል? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ኢዮብ ነሐሴ 12 ቀን 2005 ዓ.ም. በ37 ዓመቱ ነው ያረፈው። እንዲህ ያለ ሥራ የሚከብደው ወይም የሚቀለው በአንድ ነገር ነው፦ ድምፁ ለብቻው ትራክ ላይ ተቀድቶ ከሆነ አቀናባሪው ባሱን፣ ከበሮውንና ኪቦርዱን እንደፈለገ ይለውጣል። ድምፅና መሣሪያ በአንድ ላይ ከተቀዱ ግን ችግር ነው።

የቢትልሱን የጆን ሌነንን ጉዳይ ውሰዱ። በ1980 በ40 ዓመቱ ከመገደሉ በፊት ቤቱ ሆኖ ፒያኖ እየተጫወተ በካሴት የቀዳቸው ዘፈኖች ነበሩ። የቡድኑ ጓደኞቹ በ1990ዎቹ ሁለቱን ጨርሰው አወጡ። ሦስተኛውን ግን ተዉት፤ ፒያኖው ድምፁን ይውጠዋል፣ የኤሌክትሪክ ጉምጉምታም አለበት። ድምፁን ከፒያኖው ነጥሎ የሚያወጣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ከመጣ በኋላ ነው ዘፈኑ በኖቬምበር 2023 የወጣው። ፕሮግራሙ ዘፈኑ ውስጥ የነበረውን ድምፅ ለየ እንጂ አዲስ ድምፅ አልፈጠረም። ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አድማጭም የትኛው እንደተደረገ የማወቅ መብት አለው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ አልበም ሳያወጣ በወጣትነቱ አረፈ። አገር ቤት እያለ በክራር ያንጎራጎራቸው ያላለቁ ዘፈኖች በአንድ የ90 ደቂቃ ካሴት ላይ አሉ። ቴፑ እንዳይበላው ፈርቼ አላጫወትኩትም። ምን ላድርግ? (አንባቢ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ ነፍስ ይማር። አለማጫወትዎ ትክክል ነው። በመጀመሪያ ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ፕላስቲኮች ይስበሩ፤ ከዚያ በኋላ በስህተት ሊቀዳበት አይችልም። በመስኮቱ በኩል ጥቅሉ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካዩ ሻጋታ ነውና ለባለሙያ ይስጡት። ንጹሕ ከሆነ ከፊት በኩል ያለችውን ትንሽ የፈልት ትራስ ይመልከቱ። ሙጫዋ ደርቆ ከወደቀች ክሩ ሄዱን (ድምፁን ከክሩ የሚያነበውን የቴፑን ክፍል) በደንብ አይነካም፣ ድምፁም ይታፈናል፤ መፍትሔው ክሩን በብሎን ወደሚታሰር ሌላ ባዶ ካሴት ማዛወር ነው።

ክሩ ከላላ በቢክ እስክሪብቶ ቀስ አድርገው ይጠቅልሉት። የቴፑን ሄድ በአልኮል በረጠበ ጥጥ ይጥረጉ፣ በሌላ በማያሳዝን ካሴት አንድ ጎን ሙሉ ይሞክሩት፤ ክር የሚበላ ቴፕ አብዛኛውን ጊዜ የጎማ ሮለሩ የደረቀ ወይም የቆሸሸ ነው። ከቴፑ ጀርባ ካለው የላይን መውጫ ወደ ኮምፒውተር በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርዝ፣ ዋቭ በሚባለው ፋይል ይቅዱ። ሁለቱ ጎን በድምሩ 3 ጊጋባይት ያህል ይሆናል። ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ 6 ዴሲቤል ዝቅ ይበል። ድምፁ የታፈነ ከመሰለዎት ከሄዱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን በጥቂቱ እያዞሩ የክራሩ አውታር ጥርት ብሎ የሚሰማበትን ቦታ ይፈልጉ።

ከዚያ ፍጥነቱን ያረጋግጡ። ክራር ለዘፋኙ ድምፅ ተብሎ ስለሚቃኝ መለኪያ አይሆንም። ሲቀዳ ቴፑ በኤሌክትሪክ ይሠራ ከነበረ ግን ከበስተጀርባ ጉምጉምታ ሊኖር ይችላል፤ በኢትዮጵያ መብራት ይህ 50 ኸርዝ ነው። ኮምፒውተሩ 53 ካሳየዎት ቅጂው 6 በመቶ ፈጥኗል፣ የወንድምዎም ድምፅ ግማሽ ቶን ያህል ቀጥኗል። ጉምጉምታውን የሚያጠፉት ይህን ካስተካከሉ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ ከጠፋ መለኪያውም አብሮ ይጠፋል።

ለአቀናባሪ ከመስጠትዎ በፊት ከወራሾቹ ሁሉ ጋር ይስማሙ። በኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው መብት ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል፤ ካሴቱ በእጅዎ መሆኑ ብቻ የዘፈኑ ባለቤት አያደርግዎትም። ለአቀናባሪውም ኮፒውን ይስጡት። ያልተነካውን ፋይል በሦስት ቦታ ያስቀምጡ፣ አንዱ ከቤትዎ ውጭ ይሁን። ካሴቱንም እንዳይጥሉት፤ እስከ መጨረሻው ከተጫወተ በኋላ ሳይመልሱት በሳጥኑ ውስጥ አቁመው፣ ከስፒከር አርቀው ያኑሩት።