ግጥሙ፣ መሰንቆውና እንቁላሉ፦ የስድስት ኪሎ መድረክ ጥያቄዎች

ስለ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማሪ ክበባትና የኪነት ቡድኖች ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የመጡት ጥያቄዎች ግማሾቹ ስለ ድሮው፣ ግማሾቹ ስለ ዘንድሮው ናቸው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ነው።

ልጄ ዘንድሮ ስድስት ኪሎ ገባች። ሁለት ወር ሳይሞላት «ቴአትር ቡድን ልግባ» ትለኛለች። እኔ የላክኋት እንድትማር ነው። ምን ልበላት? (እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

ይፍቀዱላት፤ ግን የመጀመሪያውን ሴሚስተር ሚድ ፈተና ከጨረሰች በኋላ ይሁን።

ምናልባት ትምህርት ልትቀይር ነው ብለው ሰግተው ከሆነ፣ አይደለም። ቴአትር በዲግሪ የሚማሩት በዮፍታሄ ንጉሤ የቴአትር ትምህርት ቤት ነው። ልጅዎ የምትለው የባህል ማዕከሉን ሳይሆን አይቀርም። እዚያ ከየትምህርት ክፍሉ የመጡ በጎ ፈቃደኛ ተማሪዎች ቴአትር፣ ሙዚቃ፣ ውዝዋዜ፣ ሥነ ጽሑፍ ይለማመዳሉ፤ ግሬድ የለውም። አደጋው ትርኢቱ ሲቃረብ ነው፤ ልምምዱ ማታ ማታውን ይበላል፣ ያኔ ኬኔዲ ላይብረሪ የሚቀመጥ ሰው አይገኝም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቋት፦ ትርኢቱ ከፋይናል በፊት ነው በኋላ? መልሱን ካወቀችው አስባበታለች ማለት ነው።

ደግሞም ፍሬሽ ተማሪን ከትምህርቱ የሚያወጣው ቴአትር ብቻ አይደለም። ዶርም ውስጥ ብቻውን ተኝቶ የሚውል ልጅ የበለጠ ያሳስበኛል።

አባቴ ስለ ድሮው ዩኒቨርሲቲ ሲያወራ «ኮሌጅ ዴይ»ን ሳያነሳ አያልፍም። ጃንሆይ ቁጭ ብለው ተማሪ ሲሰድባቸው ያዳምጡ ነበር ይለኛል። እውነት ነው? (ከሐዋሳ)

ስድቡን አባትህ ጨምረውበታል፤ ሌላው እውነት ነው።

በ1943 በተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኮሌጅ ቀን የሚባል ዓመታዊ በዓል ነበር። ስፖርት ነበረበት፣ የግጥም ውድድር ነበረበት፤ ንጉሠ ነገሥቱም ይገኙ ነበር። መጀመሪያ ላይ ማንንም የሚያስቀይም አልነበረም። ነገሩ የከረረው በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ማግስት ነው። የኮሌጁ ተማሪዎች ሙከራውን ደግፈው ሰልፍ ወጥተው ነበር። ሙከራው ከሸፈ፣ ሰልፈኛው ወደ ዶርሙ ተመለሰ፣ ሐሳቡ ግን ግጥም ውስጥ ገባ። የታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የዚያ ዘመን ግጥም ነው።

ብልሃቱ ይገርመኛል። ተማሪው በራሱ ስም አልከሰሰም፤ ድሃውን አቁሞ አናገረው። ድሃ በንጉሥ ፊት «አቤት!» ማለቱ ደግሞ ቤተ መንግሥቱ ራሱ የሚያውቀው የቆየ ሥርዓት ነው። ፓርቲ በሌለበት፣ ጋዜጣም ሳንሱር በሚደረግበት አገር በንጉሡ ፊት ይህን መናገር የሚቻለው በግጥም ብቻ ነበር። ለጥቂት ጊዜ ነው እንጂ፤ ኋላ ግጥም ማንበብ ከትምህርት እስከ መታገድ አደረሰ። ያም ሆኖ አላቆሙም። በዚያው አሥርት ዓመት መጨረሻ ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ፣ ገሞራው የምንለው፣ «በረከተ መርገም»ን ይዞ መጣ።

«የድሮ ተማሪ ደፋር፣ የዛሬው ፈዛዛ» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አልስማማም። የድሮዎቹ ቀኑ የተቆረጠ፣ ዳኛ ያለው፣ ባለሥልጣን ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጥበት መድረክ ነበራቸው። ለዛሬዎቹ እንዲህ ያለ ቀን ስጧቸውና ከዚያ እንፈርዳለን።

ለሲቪ የሚጠቅመኝ የትኛው ክበብ ነው? (የሦስተኛ ዓመት ተማሪ)

ሥራ የሠራህበት። የአምስት ክበብ ሰርተፍኬት ደርድረህ «ምን አደረግህ?» ስትባል ዝም ከምትል፣ የቀይ መስቀል ክበብ ገብተህ አንድ የደም ልገሳ ቀን አዘጋጅ።

ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የተማሪዎች ባንድ ነበር? እዚህ ሰው ሁሉ «የዩኒቨርሲቲው» ይለዋል። (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

የዩኒቨርሲቲው ነበር፤ የተማሪዎች ግን አልነበረም። ግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ቀማሪ ሐሊም ኤል ዳብ በ1955/56 ግድም ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ (የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ) ኪነ ጥበባት ማዕከል ጋር ያቋቋመው ነው። ተጫዋቾቹ ከየአካባቢው የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ነበሩ። መሰንቆ፣ ክራር፣ በገና፣ ዋሽንት፣ እምቢልታ፣ ከበሮ አንድ መድረክ ላይ ተቀመጡ። ዛሬ ይህ ተራ ነገር ይመስለናል። ነገር ግን አዝማሪ ለብቻው ነው የሚጫወት፤ መሰንቆውን የሚቃኘው ለገዛ ድምፁ ነው። በገና ደግሞ የጾም የጸሎት መሣሪያ ነው። እነዚህን ሁሉ በአንድ ቅኝት፣ በአንድ ምት ማስኬድ አዲስ ሥራ ነበር።

ኋላ ቡድኑን ተስፋዬ ለማ መራው። የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ የነበረው አሜሪካዊው ቻርልስ ሳተን ደግሞ መሰንቆ ተምሮ አብሯቸው ተጫውቷል፤ በ1961ም አሜሪካን ዞረው እንዲያሳዩ ረድቷል። ቡድኑ የፈረሰው ከአብዮቱ በኋላ ነው። ተስፋዬ ኋላ አሜሪካ ገብቶ ለዓመታት ዋሽንግተን ስለሠራ፣ እናንተ ሰፈር የሚያውቁት ሰዎች አታጡም። እነሱን ጠይቋቸው፤ ከእኔ ይሻላሉ።

በፋሽን ሾው ምክንያት ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ነበር የሚባለው ቀልድ ነው?

ቀልድ አይደለም። መጋቢት 1960፣ ራስ መኮንን አዳራሽ። የልብስ ትርኢት ተዘጋጀ፤ «ባህላችንን የሚያራክስ የባዕድ ነገር ነው» ያሉ ተማሪዎች ደጃፉ ላይ ተሰበሰቡ፤ ለማየት የመጡትን ሰደቡ፣ እንቁላል ወረወሩ። ፖሊስ ገባ፣ መሪዎቹ ታሰሩ፣ ጉዳዩ አድጎ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ።

የተማሪዎቹን ንቅናቄ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይቺን ቀን ቶሎ ያልፏታል። እኔ አላልፋትም። እንቁላሉ ካረፈባቸው ውስጥ የገዛ ግቢያቸው ሴቶች ነበሩ። ሚኒስከርት ከፈረንጅ አገር ከመጣ፣ የወርዋሪዎቹ ኮትና ሱሪስ ከመንዝ መጣ?

ግቢ ጉባኤ እንደ ክበብ ይቆጠራል?

በወረቀት አይቆጠርም፤ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጉባኤውም ብዙ ጊዜ ከግቢ ውጭ፣ አቅራቢያ ባለ ቤተ ክርስቲያን ነው። የወንጌላውያኑ ኅብረትና የሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓም እንዲሁ። በሥራ ከሄድን ግን፣ መዝሙር ማጥናት፣ ሥነ ጽሑፍ ማቅረብ፣ ተመራቂ መሸኘት፣ ለታመመ መዋጮ ማሰባሰብ አለ። ማይክ ፊት መጀመሪያ የቆመው እዚያ የሆነ ስንቱ ነው።

በእኛ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ ክበብ ልናቋቁም ነው። ከየት እንጀምር? (አራት ጓደኛሞች)

ወረቀቱ ቀላል ነው፦ አንድ ገጽ መተዳደሪያ ደንብ፣ የአባላት ስም ዝርዝር፣ አማካሪ የሚሆን መምህር፤ ከዚያ ወደ ተማሪዎች ዲን ቢሮ። ለአርማና ለቲሸርት የመጀመሪያውን ወር አታቃጥሉ።

ከባዱ ቀኑን መያዝ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ 11 ሰዓት ካላችሁ፣ አምስት ሰው ቢመጣም ሐሙስ 11 ሰዓት ይጀመር። አዳራሹን የሴሚስተሩን ሙሉ በደብዳቤ አስይዙ፤ ካልሆነ የሆነ ስብሰባ መጥቶ ያስወጣችኋል። ለአንባቢ አምስት ደቂቃ ስጡ፣ ሰዓት የሚይዝ ጨካኝ ሰው መድቡ። ፕሬዚዳንቱን ደግሞ ከሁለተኛ ዓመት ምረጡ፤ ተመራቂ ከመረጣችሁ የክበቡን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ እንደያዘ ጋዎኑን ለብሶ ይሄዳል።